ባሕር ዳር ለማረፍ ሬዲዮ ላይ ምን ይባላል? ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ማቆሚያው

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ አብራሪ ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለመሆን የሚያስብ ወጣት ነው፤ ፈተናና ኢንተርቪው ይጠብቀዋል። ሌላው ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ሲሙሌተር ከፍቶ፣ ከቦሌ ተነስቶ ባሕር ዳር የሚያርፈው ነው። እዚህ ጎጃም ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ከምትገምቱት በላይ ብዙ ነው። አውሮፕላኑን አሳምረው ያሳርፋሉ። ሬዲዮው ሲከፈት ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል።

ብዙዎቹ ችግሩን እንግሊዝኛ ላይ ያላክካሉ። እኔ አይመስለኝም። ችግሩ ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ሰው ሲናገር ያልገባን ነገር ቢኖር "እሺ፣ እሺ" ብለን እናልፋለን፤ "ምን አሉኝ?" ማለት ደንቆሮ ያስመስላል ብለን እናፍራለን። መሬት ላይ ጨዋነት ነው፣ ምንም አይደለም። አየር ላይ ግን ሰው ይገድላል። ከታች የምታነቡት ሁሉ በሁለት ልማድ ላይ የቆመ ነው፦ የሰማችሁትን መልሳችሁ ተናገሩ፣ ያልሰማችሁትን አስደግሙ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ፈቃድ የሌለው ሰው በእውነተኛው የአቪዬሽን ሞገድ ላይ መናገር አይፈቀድለትም፣ ለቀልድም ቢሆን። ከዚህ በታች ያሉት ምልልሶች ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው፤ የጣቢያውን ትክክለኛ አሠራርና የሬዲዮ ቁጥር ሁልጊዜ ከወቅቱ ቻርት ላይ ውሰዱ።

ከሁሉ በፊት፦ ወረቀትና የቦታው ስዕል

ጭናችሁ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይኑር። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ስክሪን ቢበዛም እርሳስ አልቀረም። ትእዛዝ ሲመጣ ጆሮ ይሰማል፣ እጅ ይጽፋል፣ አፍ የተጻፈውን ያነባል። ከጭንቅላት የሚመልስ ሰው ትእዛዞች ሲደራረቡ አንዱን ይጥላል።

ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። "ወደ 9,000 ጫማ ውረድ፣ የግፊት ቁጥሩ 1024፣ መንደርደሪያ 04" ሲባል ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው "↓9 — 1024 — 04" ነው፣ በቃ። ቅደም ተከተሉን ከተቆጣጣሪው አነጋገር ጋር አንድ አድርጉት፤ ስትመልሱ ዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል እንጂ አይንከራተትም።

ቀጥሎ ቦታውን በጭንቅላታችሁ ሳሉት። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በአቪዬሽን ቋንቋ ወደ 6,000 ጫማ ይጠጋል። አንድ መንደርደሪያ አለው፣ ርዝመቱ 3,000 ሜትር። በአንዱ ጫፍ 04፣ በሌላው ጫፍ 22 ተብሎ ይጠራል። ቁጥሮቹ የኮምፓስ አቅጣጫ ናቸው፤ 04 ማለት አፍንጫችሁ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ያያል፣ 22 ማለት ወደ 220። በ04 የሚያርፍ አውሮፕላን ከመራዊ በኩል ይመጣል። በ22 የሚያርፈው ከጣና በኩል፣ ውሃውን አቋርጦ ነው። ታወሩ (የማረፊያው ተቆጣጣሪ ክፍል) "ራንዌይ ቱ ቱ" ሲል መስኮታችሁ ላይ ሐይቅ ካልታያችሁ፣ ወይ እናንተ ወይ ጆሯችሁ ተሳስቷል።

ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር አስምሩ። መስመሩ የአባይን በረሃ ደጀን አካባቢ ይሻገራል፤ ከዚያ ጮቄ ላይ ይወጣል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከ13,000 ጫማ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ከጮቄ ወዲያ ማዶ እያላችሁ "ወደ 9,000 ጫማ ውረድ" ያለ ከመሰላችሁ፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ በዚያው ቅጽበት ልታውቁ ይገባል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል። የማያውቀው ግን ደስ ብሎት መልሶ ያነበዋል።

ፊደልና ቁጥር

ይህን ቶሎ ልለፈው፣ ማንም በአንድ ሳምንት ይይዘዋል። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ እያለ እስከ ዙሉ የሚሄደውን ሃያ ስድስት ፊደል ሸምድዱ። ቁጥሮች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ አቅጣጫ 220 "ቱ ቱ ዜሮ" ነው። ሦስት "ትሪ"፣ አምስት "ፋይፍ"፣ ዘጠኝ "ናይነር" ይባላሉ፤ ሬዲዮ በሚንጫጫበት ጊዜ አምስትና ዘጠኝ እንዳይምታቱ ነው። ነጥብ "ዴሲማል" ነው። ሙሉ ሺህ ሲሆን "ናይነር ታውዘንድ" ትላላችሁ።

ፍጥነታችሁ በደቂቃ ከ100 ቃል እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። ስልክ ደውሉና ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ ራሳችሁን ስሙት፤ ከዚያ በጣም ቀስ ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ መናገር የብቃት ምልክት የሚመስላቸው አሉ፣ በተለይ ሲሙሌተር ላይ። ተቆጣጣሪው "ሴይ አጌን" (ድገመው) ሲላቸው ያተረፉትን ሰከንድ ሁለት እጥፍ አድርገው ይከፍላሉ።

የማይኩ ቁልፍ ላይም ሥርዓት አለ። መጀመሪያ አዳምጡ፣ ሌላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ጠብቁ። ምን እንደምትሉ አስቡ። ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ትንፋሽ ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ። ተጭኖ በዚያው መናገር የጥሪ ስማችሁን ግማሽ ይበላዋል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተጫነ ደግሞ ማንም አይሰማም፤ ፉጨት ብቻ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች መንደርደሪያ ላይ ተላትመው 583 ሰው ሲሞት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ወሳኝ የሆነ መልእክት በእንዲህ ዓይነት ፉጨት መዋጡ ነበር።

የመጀመሪያው ጥሪ

ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ወደ ባሕር ዳር አፕሮች፣ ማለትም ለማረፍ የሚቀርቡትን ወደሚያስተናግደው ተቆጣጣሪ፣ ስትተላለፉ አዲሱ የሬዲዮ ቁጥር ይነገራችኋል። ቁጥሩን መልሳችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ቀይሩ። የመጀመሪያ ጥሪ አራት ነገር ይይዛል፦ የምትጠሩት ማን ነው፣ እናንተ ማን ናችሁ፣ ከፍታችሁ ስንት ነው፣ ወደ ምን ከፍታ እየሄዳችሁ ነው። ኢትዮፒያን 123 የሚባል የልምምድ በረራ እንያዝ። "ፍላይት ሌቨል 190" ሲባል 19,000 ጫማ ገደማ ማለት ነው።

አብራሪ፦ ባሕር ዳር አፕሮች፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ፣ ፍላይት ሌቨል ዋን ናይነር ዜሮ፣ ዲሴንዲንግ ፍላይት ሌቨል ዋን ሴቨን ዜሮ።

ሰላምታ ከፈለጋችሁ ጨምሩ፣ የሚከለክል የለም። "ጉድ ሞርኒንግ" ሁለት ቃል ናት። ግን የጤናን፣ የልጆችን፣ የከብቱን ሁሉ የሚያዳርስ የእኛ ሰላምታ ማታ ለቡና ይቆይ። ሞገዱን ሌላ ሰው ይፈልገዋል።

ትልቅ አውሮፕላን ውስጥ ሁለት አብራሪ አለ። አንዱ ያበርራል፣ ሬዲዮውን ሌላኛው ይይዛል። ሁለቱም ግን ያዳምጣሉ። አንዱ "9,000" ሌላው "8,000" ከሰሙ ክርክር የለም፣ ድምፅ ብልጫም የለም። ይጠየቃል።

ትእዛዝ ሲመጣ፦ መልሶ ማንበብ

የጽሑፉ ልብ እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ከታች "ኪው ኤን ኤች" የሚባለው የግፊት ቁጥሩ ነው።

ተቆጣጣሪ፦ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ፣ ዲሴንድ ቱ አልቲቲዩድ ናይነር ታውዘንድ ፊት፣ ኪው ኤን ኤች ዋን ዜሮ ቱ ፎር፣ ኤክስፔክት ራንዌይ ዜሮ ፎር።

አብራሪ፦ ዲሴንድ ቱ አልቲቲዩድ ናይነር ታውዘንድ ፊት፣ ኪው ኤን ኤች ዋን ዜሮ ቱ ፎር፣ ራንዌይ ዜሮ ፎር፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ።

ጎጃም ውስጥ ንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። የኔታ ይላሉ፣ ተማሪው መልሶ ይላል፣ አንዲት ፊደል ከጣለ "መልስ!" ይባላል። የኔታ ዝም ካሉ ልክ ነው ማለት ነው። ሬዲዮም እንዲሁ ነው። እዚህም የኔታው፣ ማለትም ተቆጣጣሪው፣ ተማሪው ምን እንዳለ ልብ ብሎ የመስማት ግዴታ አለበት። ተቆጣጣሪው መልሱን በግማሽ ጆሮ ከሰማ ሥርዓቱ ባዶ ዜማ ይሆናል።

መልሶ መነበብ ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው፦ የማረፍ፣ የመነሳት፣ ወደ መንደርደሪያ የመግባት ወይም የማቋረጥ ፈቃድ፤ ከመንደርደሪያ ውጭ ቁም የሚል ትእዛዝ፤ የመንደርደሪያ ቁጥር፤ ከፍታ፤ አቅጣጫ፤ ፍጥነት፤ የግፊት ቁጥር፤ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያስታውቀው መሣሪያ) ኮድ፤ የሬዲዮ ለውጥ። ነፋስና የአየር ሁኔታ መልሶ ማንበብ አያስፈልግም። ጀማሪ ነፋሱን በጥንቃቄ መልሶ አንብቦ መንደርደሪያውን ይረሳል፣ ይህ በብዛት የሚታይ ነገር ነው።

የግፊት ቁጥሩን ለምን እንደዚህ እናካብደዋለን? የከፍታ መለኪያችሁ በመሠረቱ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ትክክለኛው 1014 ሆኖ እናንተ 1024 ብትሞሉ፣ መለኪያው ወደ 300 ጫማ ገደማ ከፍ አድርጎ ይዋሻችኋል። 9,000 ላይ ነኝ ስትሉ 8,700 ላይ ናችሁ። ዘጠና ሜትር ማለት ነው። በአንድ ቁጥር።

አሁን ወደ የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. እንሂድ። ፍላይንግ ታይገር 66 የተባለ የጭነት ቦይንግ 747 ወደ ኳላላምፑር እየቀረበ ነበር። ተቆጣጣሪው "ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ" አለ። ማለት የፈለገው ወደ 2,400 ጫማ ውረዱ ነው፤ "ቱ" ቁጥሩ ሁለት ነበረች። አብራሪዎቹ ግን "ቱ" የምትለዋን "ወደ" ብለው ሰሟት፤ ወደ 400 ጫማ ውረዱ የተባሉ መሰላቸው። "ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ" ብለው መለሱ። ተቆጣጣሪው ስህተቱን አልያዘውም። አውሮፕላኑ ኮረብታ ላይ ወደቀ፣ በውስጡ የነበሩት አራቱም ሠራተኞች ሞቱ።

ይህን ታሪክ ለማንም ጀማሪ እነግረዋለሁ፣ ምክንያቱም መልሶ ማንበብ እዚያም ነበር። መልሱ ተሰጥቷል። ግን አንደኛ፣ "አልቲቲዩድ" የምትለው ቃል በ"ቱ" እና በቁጥሩ መሃል አልገባችም። ቃሏ ጌጥ አይደለችም፤ ሁለቱን "ቱ"ዎች የምትለይ አጥር ናት። ሁለተኛ፣ ሰሚው አልሰማም። ሦስተኛ፣ ኮረብታ ባለበት አገር 400 ጫማ የማይመስል ቁጥር ነው፤ ግን ማንም "እርግጠኛ ነህ?" አላለም።

አራት ቃላትን አጥርታችሁ ያዙ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። "ሮጀር" ሙሉውን ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነው፤ እሺታም ፈቃድም አይደለም፣ ለጥያቄ መልስም አይሆንም። "ዊልኮ" ሰምቻለሁ፣ አደርገዋለሁ ነው። "ስታንድባይ" ቆይ እጠራሃለሁ ነው፤ ተፈቅዶልኛል ብሎ የሚተረጉመው አለ፣ አልተፈቀደለትም። "አንኤብል" አልችልም ነው፣ ምክንያቱን አስከትላችሁ ተናገሩ። ይህችን የመጨረሻዋን የአገሬ ልጆች ሲሏት ብዙም አልሰማሁም። ተቆጣጣሪ ትልቅ ሰው ሆነብን መሰለኝ። ያዘዛችሁ ነገር አውሮፕላናችሁ የማይችለው ከሆነ ግን "አንኤብል" ማለት ግዴታችሁ ነው።

ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ

ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ጎጃም ላይ ደመናው እንዴት እንደሚቆለል መሬት ላይ ያላችሁም ታውቃላችሁ። ራዳራችሁ ላይ ቀይ ከታያችሁ ዝም ብላችሁ አትታጠፉ፤ በዚያ በኩል ሌላ አውሮፕላን ሊኖር ይችላል። ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ "ሪኩዌስት ሄዲንግ ትሪ ዜሮ ዜሮ፣ ዱ ቱ ዌዘር።" ምን እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ወስኑና ቁጥር ስጡ። "ደመና አለ፣ ምን ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ ተቆጣጣሪውን አያግዘውም፤ እሱ ደመናውን እናንተ በምታዩት መልኩ ላያየው ይችላል።

ታወሩ፦ የማረፊያው ፈቃድ

አፕሮች ወደ ታወር ያስተላልፋችኋል። ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል፤ ለእናንተ ለውጥ የለውም። ከመንደርደሪያው ጋር በአንድ መስመር ሆናችሁ ከአራት የባሕር ማይል፣ ማለትም ከሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ስትርቁ ያላችሁበት "ሎንግ ፋይናል" ነው። ከዚያ ወዲህ "ፋይናል" ነው።

አብራሪ፦ ባሕር ዳር ታወር፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ፣ ሎንግ ፋይናል ራንዌይ ዜሮ ፎር።

ታወር፦ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ፣ ኮንቲኒው አፕሮች፣ ዊንድ ዜሮ ፋይፍ ዜሮ ዲግሪስ፣ ኤይት ኖትስ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። "ኮንቲኒው አፕሮች" የማረፍ ፈቃድ አይደለም። መቅረባችሁን ቀጥሉ ብቻ ነው። ምናልባት ሌላ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ አለ፣ ምናልባት የሣር ማጨጃ መኪና ገና አልወጣም። መልሳችሁ "ኮንቲኒው አፕሮች፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ" ነው። ነፋሱ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነገርም፤ ከ050 የሚመጣ ነፋስ በ04 ለሚያርፍ ሰው ፊት ለፊት ነው፣ ጥሩ ነው።

ታወር፦ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ፣ ራንዌይ ዜሮ ፎር፣ ክሊርድ ቱ ላንድ፣ ዊንድ ዜሮ ፎር ዜሮ ዲግሪስ፣ ናይነር ኖትስ።

አብራሪ፦ ራንዌይ ዜሮ ፎር፣ ክሊርድ ቱ ላንድ፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ።

አሁን ፈቃድ አላችሁ። ይህች "ክሊርድ ቱ ላንድ" ካልተሰማች አይታረፍም። መንደርደሪያው ባዶ ቢሆንም፣ ታወሩ ውስጥ ያለው ሰው ወዳጃችሁ ቢሆንም አይታረፍም። መሬቱ እየቀረበ ዝምታው ከቀጠለ እናንተ ጠይቁ፦ "ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ፣ ሾርት ፋይናል።" መልስ ከሌለ ወደ ላይ።

ስለ ወፍ ሳልናገር ባልፍ የባሕር ዳር ሰው ይታዘበኛል። ጣና የወፍ አገር ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሞከሩ፤ አልሆነም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ውጭ በሆዱ ወደቀ። ከ104 ሰው 35 ሞተ። ስለዚህ ስታርፉ መንጋ ካያችሁ፣ ባይነካችሁም፣ ለታወሩ ንገሩ፦ የት፣ በምን ከፍታ፣ ወዴት እየበረረ። "ለእኔ ምንም አላደረገኝም" አይሠራም። ከኋላችሁ የሚመጣው፣ ወይም ለመነሳት ተሰልፎ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል።

ካልሆነ፦ ጎ አራውንድ

መንደርደሪያው ላይ ላም ገባች፣ ነፋሱ ተገለበጠ፣ ፈቃዱ አልመጣም፣ ወይም ደስ አላላችሁም። ሞተሩን ጨምራችሁ ትነሳላችሁ። እዚህ ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብርሩ፣ ቀጥሎ አቅጣጫችሁን ያዙ፣ በመጨረሻ ተናገሩ። ሦስተኛዋን ከመጀመሪያዋ ማስቀደም የጀማሪ ምልክት ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ከዞረና ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ቃል ይበቃል፦ "ጎይንግ አራውንድ፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ።" ምክንያት አታብራሩ። ተቆጣጣሪው ከፈለገ በኋላ ይጠይቃል። "ጎ አራውንድ" ብሎ ያዘዘው እሱ ከሆነም ለምን ብላችሁ አትከራከሩ፤ ውጡ።

ጎ አራውንድ ውርደት የሚመስለው ሰው አለ። መንገደኛው ያማል፣ "አብራሪው አልቻለም" ይላል። ይበል።

ያልሰማችሁትን አስደግሙ

"ሴይ አጌን" ሁለት ቃል ናት። ሙሉውን ካልሰማችሁ እንዲሁ በሏት። አንዱን ክፍል ብቻ ካልሰማችሁ ያንኑ ጠይቁ፦ "ሴይ አጌን ኪው ኤን ኤች።" ራሳችሁ ተሳስታችሁ ከተናገራችሁ "ኮሬክሽን" በሉና ትክክለኛውን አስከትሉ፤ ይቅርታ አትደርድሩ።

ትልቁ ጠላት ግምት ነው። 04 ስትጠብቁ ጆሯችሁ 04 ይሰማል፤ ተቆጣጣሪው 22 ቢልም። ሁልጊዜ በዚያ በኩል ስላረፋችሁ ዛሬም ይሆናል ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ስለዚህ የምታነቡት ወረቀቱ ላይ ያለውን እንጂ ትናንት የነበረውን አይሁን።

ችግር ሲመጣ በግልጽ ተናገሩ

ይሉኝታ የሚፈተነው እዚህ ነው። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. አቪያንካ 52 የተባለ የኮሎምቢያ ቦይንግ 707 ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ በመጥፎ አየር ምክንያት አየር ላይ ለረጅም ጊዜ እንዲዞር ተደረገ። አንዴ ለማረፍ ሞክሮ ሳይሳካለት ተመልሶ ወጣ። ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ነበር፤ ግን ከሌላ ትእዛዝ መልስ ጋር አያይዞ፣ በለሰለሰ ድምፅ። "ሜይዴይ" አላለም፣ "ኢመርጀንሲ" የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣም። ተቆጣጣሪው እንደገና ላዙራችሁ፣ ነዳጃችሁ ይበቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ "ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ" የሚል መንፈስ ነበረው። ሞተሮቹ አየር ላይ ጠፉ። 73 ሰው ሞተ።

ይህን አነጋገር የማያውቅ ሐበሻ አለ? ሰውን ላለማስቸገር ብለን የምንለው ነው። ስለዚህ እነዚህን ጥሪዎች እስኪሰለቻችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲሆን "ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ"፤ ከዚያ የጥሪ ስም፣ ምን እንደደረሰ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ የት እንዳላችሁ፣ ስንት ሰው እንደያዛችሁ። አስቸኳይ ሆኖ ለሕይወት ገና የማያሰጋ ከሆነ "ፓን ፓን" ሦስት ጊዜ። ነዳጅን በተመለከተ ዛሬ ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች አሉ። "ሚኒመም ፊውል" ማለት ከአሁን ወዲያ ማንኛውም መዘግየት ከመጠባበቂያዬ ያስነካኛል ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ቅድሚያ አያስገኝም። "ሜይዴይ ፊውል" ሲባል ግን ሁሉም መንገድ ይለቃል።

ያላችሁበት ሞገድ ካልሠራ 121.5 አለ፣ የአደጋ ሞገድ ነው። ትራንስፖንደር ላይ 7700 አደጋ፣ 7600 ሬዲዮ ተበላሸ፣ 7500 ጠለፋ ነው። ሲሙሌተር ላይ ስትጫወቱ የመጨረሻዋን ለሙከራ አትንኳት፤ ክፉ ልማድ ታስተምራለች።

ሬዲዮው ጨርሶ ከሞተ ታወሩ በመብራት ያናግራችኋል። የማይጠፋ አረንጓዴ ማረፍ ትችላላችሁ ነው። የማይጠፋ ቀይ ለሌላ ልቀቁ፣ ዙሩ። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ማረፊያው አያስተማምንም፣ አትረፉ። ግን "ሬዲዮዬ ሞተ" ከማለታችሁ በፊት የድምፅ መቆጣጠሪያውንና የጆሮ ማዳመጫውን ሶኬት እዩ። ብዙውን ጊዜ ሞቶ አይደለም፣ ተነቅሎ ነው።

መሬት ላይ

ጎማው ነክቶ ፍጥነት እስኪበርድ አትናገሩ፤ ጥሩ ተቆጣጣሪም አያናግራችሁም። ከመንደርደሪያው ወጥታችሁ ጭራችሁ ሳይቀር መስመሩን ካለፈ በኋላ ብቻ "ራንዌይ ቬኬትድ፣ ኢትዮፒያን ዋን ቱ ትሪ" በሉ። አፍንጫችሁ ወጥቶ ጭራችሁ ውስጥ እያለ ከተናገራችሁ፣ ታወሩ ለቀጣዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ማቆሚያችሁ የት እንደሆነ ይነገራችኋል፣ መልሳችሁ አንብቡ፣ ሂዱ።

ቤት ውስጥ መለማመጃ

ሲሙሌተር ያላችሁ ቫትሲም ወይም አይቫኦ በሚባሉት የሲሙሌተር በረራ የኢንተርኔት መረቦች ላይ ተመዝግባችሁ ከእውነተኛ ሰው ጋር መነጋገር ትችላላችሁ፤ ተቆጣጣሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ጀማሪ መሆናችሁን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ይታገሷችኋል። ኢንተርኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ጓደኛ ይበቃል። ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፣ የፊት ምልክት እንዳይታይ። አንዱ ተቆጣጣሪ፣ አንዱ አብራሪ ይሁን። ስልክ ላይ ቅዱትና በኋላ አብራችሁ ስሙት።

ተቆጣጣሪ የሆነው ልጅ አልፎ አልፎ አንዱን ቁጥር ሆን ብሎ ያጉረምርመው። አብራሪው "ሴይ አጌን" ካለ ይቀጥላል፤ ገምቶ ከመለሰ ከመጀመሪያው ጥሪ ይጀምራል። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። አሁን አብራሪው ሆን ብሎ አንዱን ቁጥር አዛብቶ መልሶ ያንብብ፤ 1024 ሲባል 1014፣ 04 ሲባል 22። ተቆጣጣሪው "ነጋቲቭ" ብሎ ካላስቆመው፣ የዚያ ዙር ስህተት የሚቆጠረው እሱ ላይ ነው።